የማይሞቀው ፍግ

ሰኞ፣ ኅዳር 3። ጠዋት 2፡30
ቢሮ። ብርድ። ለገጠር የምናድለው የሸክላ ማጣሪያ ሪፖርት ታትሞ መጥቷል፤ ከገጽ 5 ወደ 7 ይዘላል። የተቆረጠው የኔ ገጽ ነው፤ ያረጀ የውኃ ማጣሪያ የት ይጣል የሚለው። ኃላፊውን ጠየቅኋቸው። ለጋሾችን ያስደነግጣል አሉ። ስሜን ግን ሽፋኑ ላይ ትተውታል።

ማስታወሻዬ፣ አንቺ እንኳ እወቂው። የማጣሪያው ሸክላ ውስጥ የብር ማዕድን አለ፤ የላብራቶሪያችን ማይክሮስኮፕ የማያየው ደቃቅ። ተህዋስ ይገድላል። ጥሩ። ሲጣልስ መግደሉን ይተዋል?

ሐሙስ፣ ኅዳር 6
ገጠር፣ በአንበሳሜ መንገድ። ማጣሪያ ቀድመው ከወሰዱት አንዱ፣ አያ ታደገ፣ ጓሯቸውን አሳዩኝ። የጎረቤቱን ያረጀ ማጣሪያ ሁሉ ሰብስበው፣ ሸክላ ነው ብለው ወቅጠው፣ ፍጉ ላይ በትነውታል። ጥራጊም አመድም የሚሄደው እዚያው ነው፤ ከዚያ ወደ ገብስ ማሳ። ክምሩ ቀድሞ ጠዋት ጠዋት ይጨስ ነበር አሉ። እጄን ከተትኩ። ቀዝቃዛ። ፍግን የሚያሞቀው ተህዋስ ነው።

«ፍጌ መነኮሰ፤ አይሞቅ፣ አይሸት» አሉ።

ባለቤታቸው ከደጃፍ፦ «አንቱን ቀደመዎታ!»

ሳቅሁ። ማሳ ላይ እንዳይበትኑት ለመንኳቸው።

«ታዲያ ምን ልበትን፣ ልጄ?»

ትኩስ ፍግ በሁለት ጆንያ ሞልቼ፣ አንዱ ላይ የተወቀጠ ማጣሪያ ቀላቅዬ፣ ወደ ቢሮ ይዤ መጣሁ፤ ቴርሞሜትር ሰካሁባቸው።

ሰኞ፣ ኅዳር 10
ንጹሑ ጆንያ ሞቋል። ሌላው ዝም። አንድ ሙከራ ነው፤ ምንም አያረጋግጥም። ለመጠየቅ ግን ይበቃል። ጽፌ ለኃላፊው ሰጠሁ። አላነበቡትም። ኬሚስትሪ እንጂ ሰው መሆን አልተማርሽም አሉኝ፣ በሰው ፊት። አላለቀስኩም። ውሸት። ትንሽ አለቀስኩ፤ ከንዴት።

ዓርብ፣ ኅዳር 14። 10 ሰዓት
ደብዳቤ። ወይ የጻፍኩት ስህተት ነበር ብለሽ ፈርሚ፣ ወይ ወደ እብናት ተዛወሪ። የቢሮው ሰው እያዘነልኝ ነው። ቅጣት መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ዙር ማጣሪያ የሚታደለው እብናት ነው። ማደሉም፣ ቤት ለቤት ማስተማሩም የዚያ ባለሙያ ሥራ ነው፤ ማለትም የኔ። ኃላፊው ይህን ረስተውታል። ወይም የእብናት ሰው የምነግረውን አይሰማም ብለው ገምተዋል።

አልፈርምም። ዝውውሩን ተቀብያለሁ ብዬ ጻፍኩ፤ ሰኞ እሄዳለሁ። ከመጋዘን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ፦ ክዳን ያለው ትልቅ በርሜል። ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀኝም። ያረጀ ማጣሪያ ይጠራቀምበታል፤ ፍግ ላይ አይጣልም።