ፈዋሽ የማያሻው ጨዋታ

ጥቅምት 5
አሳታሚው ደወለ። «የጠረጴዛ ጨዋታው አዲስ እትም ለኅዳር ይድረስ። ተዋጊው ብቻውን አውሬውን ይጨርሰዋል፣ ፈዋሹን መጫወት የሚፈልግ የለም። አመጣጥኚልን።»
እሺ አልኩ። ጠረጴዛው ዙሪያ አራት ወንበር... ተዋጊ፣ አስማተኛ፣ ሌባ፣ ፈዋሽ። የአራቱንም ዳይስ፣ ባለቁጥሩን ጠጠር፣ የምጥለው እኔ። የአውሬውንም።

ጥቅምት 9
መላ አገኘሁ። ለሦስቱ ቁስላቸውን ራሳቸው የሚያስሩበት ሕግ ጻፍኩ። ለፈዋሹ ሰይፍ ሰጠሁት። ለየብቻ ዋሻ ሰደድኳቸው፤ አራቱም በሕይወት ወጡ!
ለማን ልንገር? ለእህቴ ደወልኩ።
«አንቺ ደግሞ፣ ከሰው ጋር ሞክሪው እንጂ!»
«ሰው ሥራ አለው።»
«ጠይቀሽ ነው?»
ልጇ ሲያለቅስባት ስልኩን ዘጋች።

ጥቅምት 13
ዛሬ ድምፅ ያወጣሁት አንዴ ነው። አውሬው ሲሞት።

ጥቅምት 16
አሳታሚው ቢሮ፣ ሦስት ሞካሪዎች። ጥግ ይዤ አየሁ። ተዋጊው አንድ ፀጉር አስተካካይ፣ ሌባው የአሳታሚው ወንድም፣ ፈዋሿ የሰፈሬ ፋርማሲስት፤ አስማተኛ ጎደለ፣ አውሬውን አሳታሚው ያዘ። ሲጀምሩ ይሳሳቁ ነበር። ተዋጊው ቆሰለ። ፋርማሲስቷ ዳይሱን አነሳች።
«ተይው እናቴ፣ ራሴ አስረዋለሁ።»
ሌባውም ራሱ አሰረ። ቀስ በቀስ ወሬው ጠፋ... ተራው ያልደረሰ ስልኩን ያያል። ማንም አልሞተም።
ፀጉር አስተካካዩ ጃኬቱን እየለበሰ፣ «ሚዛኑ እንከን አይወጣለትም። ግን ለብቻዬ ለምጫወተው፣ ታክሲ ምን አሳፈረኝ?»
ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ጥቅምት 17
እንዲህ ያለ ሕግ ከየት አመጣሁ? ከዚህ ክፍል ነዋ። አራቱንም ወንበር የያዘ ሰው ማንን ይጠራል?
አሳታሚው ግን ወዶታል። ይታተም ይላል። ሳምንት ስጠኝ አልኩት።
«ሌላ ሰው እንድፈልግ አታድርጊኝ።»

ጥቅምት 21
ራስን ማሰር ተሰረዘ። ሰይፉም ተቀማ። ከእንግዲህ የቆሰለ ሰው ፈዋሹን በአፉ ይጠራል፤ ካልጠራ አይድንም። የዳነውም ቀጣዩን ምት ከፈዋሹ ጋር ይመታል።
ብቻዬን ልሞክረው ብል... ራሴ ተጣርቼ ራሴ አቤት ልል ነው?
ፋርማሲው ሄጄ ተሰለፍኩ።
«ምን ልስጥሽ?»
«ምንም... ቅዳሜ ቤቴ ትጫወቺልኛለሽ?»
«እኔ ደግሞ አሞሽ መስሎኝ! ፈዋሽ ከሆንኩ ግን አልመጣም። ባለፈው ሥራ ፈትቼ ነው የዋልኩት።»
«ተቀይሯል።»
«እስቲ እናያለን።»

ጥቅምት 24
ሦስቱም ሞካሪዎች ቤቴ መጡ። የአሳታሚው ወንድም አውሬውን ያዘ፣ ፀጉር አስተካካዩ ሌባውን። ተዋጊ ጎደለና እኔ ገባሁ። አውሬው ደጋግሞ መታኝ። አንድ ነጥብ ነፍስ ቀረችኝ። መጥራት ነው... የሕጉን ወረቀት አገላበጥኩ። ሕጉን ያወጣሁት ራሴ!
«ጥሪያት እንጂ፣ ልትሞቺብን ነው!» አለ ፀጉር አስተካካዩ።
ፋርማሲስቷ ዳይሱን ጨብጣ ታየኛለች። ካልጠራኋት አትችልማ።
«ድረሽልኝ።»
ድምፄ የጨዋታ አልነበረም። ሁሉም ሰሙት መሰለኝ፤ የሳቀ የለም። ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች።
«መጣሁ» አለችና ጣለች።
ስንት እንደወጣ አላየሁም።