በድምፅ ማጉያ የተነገረ መርዶ

ደባርቅ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲው የባህልና ኪነት ኮሚቴ ሊቀ መንበር

ጓድ ሊቀ መንበር ሆይ፣ የመንገዱ አቧራ ጉሮሮዎን ሳይዘው፣ የደባርቅ ብርድም ሳያስልዎ በሙሉ ጤንነት ቤትዎ እንደ ገቡ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ደኅና ነን፤ አንዲት እናት ከታሰሩብን በቀር የጎደለብን የለም።

እኔ የባህል ሳምንታችሁን ካስተናገዱት አንዱ፣ የአንደኛ ደረጃ መምህሩ ያርጋል ደምለው ነኝ። ስለ ትብብሬ በጽሑፍ አመስግነውኛልና፣ እኔም የምስጋናዬን አንዱን ቅጂ ለእርስዎ ልኬ ሌላውን በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ትሕትናዎ። ለኤግዚቢሽኑ የአካባቢው ዋሽንት ሲፈልጉ ወይዘሮ አልጣሽ ቤት የወሰድኩዎት እኔ ነኝ። አንድ ወንድ ልጃቸው ክንዴ ለብሔራዊ ውትድርና ሲሄድ ግድግዳ ላይ ሰቅሎት የሄደውን ዋሽንት ለማንም አያስነኩም ነበር፤ በእኔ ቃል ግን አውርደው፣ በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ሰጡዎት። እርስዎም ጎንበስ ብለው በሁለት እጅዎ ተቀበሉ።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥንቃቄዎ። የዋሽንቱን ባለቤት ሲጠይቁኝ፣ ክንዴ ግንባር ላይ መውደቁን፣ እናቱ ግን ገና አለመስማታቸውን በአደራ ነገርኩዎት። በእኛ አገር መርዶ ለብቻ ላለ ሰው እንደማይነገር፣ ጎህ ሳይቀድ ጎረቤት ደጅ ተሰብስቦ፣ የንስሐ አባታቸው ቄስ ገብረ ሚካኤል ፊት ቀድመው፣ ግራና ቀኝ የሚደግፍ ሰው ተዘጋጅቶ እንደሆነ አስረዳሁዎት። የወይዘሮ አልጣሽ ሴት ልጅ የሺወርቅ ከመካነ ብርሃን በእግሯ እስክትደርስና የትንሣኤው ሳምንት እስኪያልፍ ብለን ለዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣ ለሰኞ፣ ቀጥረን ነበር። ሁሉንም በማስታወሻ ደብተርዎ ጻፉ። የጻፉት አደራውን እንዳይረሱ መስሎኝ ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ፍጥነትዎ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ሳምንት የተጨነቁበትን እርስዎ ቅዳሜ ዕለት፣ ለቀጠሮው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። በባህል ሳምንቱ መድረክ ላይ ዋሽንቱን ከፍ አድርገው «የሰማዕቱ የጓድ ክንዴ ዋሽንት» ብለው በድምፅ ማጉያ አሰሙ። ወይዘሮ አልጣሽ ከፊተኛው ረድፍ ተቀምጠው ነበር። የልጃቸውን ዋሽንት ሲነፋ ይስሙ ብዬ ያንን ወንበር ያስቀመጥኩላቸው እኔ ነኝ። ጓድ ሊቀ መንበር፣ እንዲህ ያለ ጸጸት አይድረስብዎ፤ እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ እህል አይወርድልኝም።

አራተኛ፣ ስለ ምርምርዎ። እናት ተነሥተው «ወይኔ ልጄን» ሲሉ በእኛ ዘንድ ተቀምጦ የሚያይ ሰው የለምና፣ ሜዳው ሙሉ ሕዝብ ነጠላውን አዘቅዝቆ ደረቱን እየመታ አብሮ አለቀሰ። እርስዎ ግን ለቀበሌው «አስቀድሞ የተቀነባበረ ፀረ አብዮት ሁከት» ብለው ጻፉ። ሳምንቱን ሙሉ የአካባቢውን ባህል ሲፈልጉ ሰንብተው፣ ባህሉ ራሱ ተነሥቶ ፊትዎ ሲቆም ዘበኛ ጠሩበት።

በዚያች ደብዳቤ ወይዘሮ አልጣሽ ታስረው ዛሬ አምስተኛ ቀናቸው ነው። የሺወርቅ ደርሳ ከእስር ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጣለች፤ እናት ከውስጥ፣ ልጅ ከውጭ ያለቅሳሉ። የፊታችን እሑድ ለቅሶ እንቀመጣለን፤ እናት የሌሉበትን ለቅሶ እንዴት አድርገን እንደምንቀመጥ ግን አናውቅም። ቀበሌው እርስዎ ክሱን ማንሣትዎን በአንድ መስመር ከጻፉ እንደሚፈታቸው ነግሮናል። ስለዚህ ያንን ሁሉ ሳያመነቱ የጻፈው እጅዎ ይህችን አንዲት መስመር እንዲጽፍልን፣ ዋሽንቱንም ለባለቤቱ እናት እንዲመልስ በታላቅ አክብሮት እለምንዎታለሁ።

የእንግድነትዎን ውለታ እስኪሞት የማይረሳው፣ ወንበር አቅራቢዎ፣
ያርጋል ደምለው

ማስታወሻ፦ ዝግጅታችሁ «የተመልካችን ስሜት በመንካት» አንደኛ ወጥቶ መሸለሙን አሁን ሰማሁ፤ እንኳን ደስ ያለዎ። ሽልማቱ የሚገባቸው ሰው በቀበሌው እስር ቤት ስለሚገኙ፣ ሊያስረክቧቸው ሲመጡ ለዘበኛው የሚያሳዩትን ወረቀት እንዳይረሱ፤ አንድ መስመር ይበቃዋል።