ሞቷል የተባለው ፈረስ በሕይወት መኖሩን ስለማብሰር

ለተከበሩ አቶ ፍሬ ስብሐት አዘዘ
የሐይቅ ዳር ፈረሰኞች የጉብኝት ማኅበር ሊቀመንበር
ባሕር ዳር

የተከበሩ ሊቀመንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም የማስታወስ ችሎታዎ ደኅና ነው ወይ? ባለፈው ዓመት በአባቴ በአቶ አለበል ለቅሶ ላይ ከተያየን ወዲህ በአካል ስላልተገናኘን፣ ያን ዕለት ያፈሰሱት እንባ ዓይንዎን ጎድቶት እንዳይሆን ስሰጋ ከርሜአለሁ። እኔ ፀሐይወርቅ፣ ባለቤቴ አማኑኤልና እናቴ ወይዘሮ አደይ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን። ደኅና መሆን ብቻ ሳይሆን ለእርስዎ የምሥራች ይዘናል።

የምሥራቹም ይህ ነው። ሞተ ብለው ያረዱን የአባቴ ፈረስ ቦራው በሕይወት አለ። እኔ ራሴ ተቀምጬበት ከቁንዝላ እስከ አባቴ መቃብር ድረስ ሄጃለሁ። ይህን እንዳበስርዎ ያዘዘችኝ እናቴ ናት፤ ስለዚህ በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ በትሕትና እለምናለሁ። የምሥራች በሹክሹክታ ሲነገር አያምርም።

እርስዎ ያውቁታል እንጂ ይህን ደብዳቤ የሚያነበው ሌላው ሰው አያውቅምና፣ ማን እንደሆኑ ጥቂት ልናገር። እርስዎ የአባቴ አንደኛ ሚዜ ነዎት። እናቴ ከአባቷ ቤት ስትወጣ የበቅሎዋን ልጓም ይዘው ያመጧት፣ «ከዛሬ ጀምሮ ወንድምሽ ነኝ» ብለው በሰው ፊት የማሉላት እርስዎ ነዎት። እሷም እስከ ዛሬ አያ ፍሬ እንጂ ሌላ ብላ ጠርታዎት አታውቅም። ፊደል ስላልቆጠረች፣ እኔ ባሕር ዳር ስማር የጻፍሁላትን ደብዳቤ ሁሉ ያነበቡላት እርስዎ ነዎት። አንድ ጊዜ ወባ ይዞኝ የጻፍሁትን እንኳ «ደኅና ናት፣ ወፍራለች» ብለው አንብበውላት፣ ኋላ ነገሩ ሲታወቅ ለደግነትዎ ስንስቅ ኖረናል። አባቴ ኩላሊቱን ታሞ ለሕክምና ከትውልድ ቀዬአችን ወደ ባሕር ዳር ሲመጣ፣ ከሚስቱ ቀጥሎ የሚወደውን ፈረስ በአደራ የሰጠውም ለሌላ ሰው አይደለም። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይላል የአገሬ ሰው።

አባቴ አልጋ ላይ ሳለ ሊጠይቁት መጡ። ከአልጋው ጫፍ ተቀምጠው፣ ቦራው ጌታው ከተለየው ቀን ጀምሮ ገብስ አልቀምስ ብሎ መሞቱን፣ እርስዎም ከደብራችን ቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ በገዛ እጅዎ መቅበርዎን እየተንሰቀሰቁ ነገሩት። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የገደለው ኩላሊቱ ነው፤ ሐኪሙም እንዲሁ ብሏል፤ እኔም አልከራከርም። ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞረው ግን እርስዎ ነዎት።

በእኛ አገር ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ የባለቤቱን ኮርቻ ተጭኖ በለቅሶው ሜዳ እየተሳበ ይዞራል፤ አልቃሿም ጌታህ ወዴት ሄደ እያለች ፈረሱን ትጠይቃለች። ለአባቴ የሚሳብ ፈረስ አልተገኘም። እናቴ ባዶውን ኮርቻ ታቅፋ ተቀመጠች፤ አልቃሿ የሺአረግም የምትጠይቀው ብታጣ ለኮርቻው አለቀሰች። እርስዎ ከሁላችን በላይ ደረትዎን መቱ። ሰው ሁሉ እርስዎን ይዞ ሲያጽናና ነው የዋለው።

ይህን ካስታወስሁ ዘንዳ፣ ማኅበርዎ ለምሠራበት ኮሌጅ ሠራተኞች ስላዘጋጀው የአራት ቀን የፈረስ ጉዞ ያለኝን ምስጋና ከጥቂት ቅሬታ ጋር በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ፈረስ አመዳደብ። ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሥተን ዘጌ ያደርንበት፣ በማግስቱም ቁንዝላ ወርደን ትኩስ ዓሣ የበላንበት መስተንግዶ እንከን አልነበረውም። ለስብሰባ ሄደው ስለነበር ሊሸኙን አልቻሉም፤ እኔም የተመዘገብሁት እዚያው ኮሌጅ በሚሠራው በባለቤቴ ስም ስለሆነ መምጣቴን የሚያውቁበት መንገድ አልነበረም። ቁንዝላ ላይ ለእኔ የተመደበችው በቅሎ አነከሰች። አስጎብኚዎ ብሩክ ራሱን እያከከ፣ ሐይቁ ዳር ብቻ የሚሠራ «ንጉሥ ጣና» የተባለ ፈረስ አመጣልኝ፤ ግንባሩ በቀይና በቢጫ የክር ዘርፍ እስከ ዓይኑ ተሸፍኗል። ይህ ፈረስ ወደ ደጋው እንዳይወጣ ጋሼ ፍሬ አዝዘዋል፣ ለዛሬ ግን ሌላ የለኝም አለኝ። ያን ያዘዙት ለፈረሱ ጤና አስበው እንጂ ደጋ ላይ የሚያውቀው ሰው እንዳይኖር ሰግተው እንዳልሆነ እርግጠኛ ነበርሁ።

2ኛ. ስለ ፈረሱ ጠባይ። ንጉሥ ጣና ቤተ ክርስቲያን ባየ ቁጥር ይቆማል። ቢጎትቱት፣ ቢያባብሉት፣ በለንጋ ቢያስፈራሩት የተቀመጠበት ሰው ወርዶ ሳይሳለም ንቅንቅ አይልም። በዚያ አገር ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የሌለበት ጉብታ እንደሌለ ያውቃሉ። ጓዶቼ ቀድመውኝ እየሄዱ በየዛፉ ሥር ይጠብቁኝ ጀመር። የወረታዋ የሥራ ባልደረባዬ ጀሊላ፣ ከእናንተ ከክርስቲያኖቹ ሁሉ አጥባቂው እሱ ነው ብላ አሳቀችን። እኔም ከሁሉ ጋር ሣቅሁ። ከዚያ ግን ሣቄ ቀረ፤ በፈረስ ተቀምጦ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አልፎ የማያውቅ፣ ፈረሱንም መቆም ያስለመደ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው።

ውኃ ልናጠጣ ስንወርድ ዘርፉን ገለጥሁት። ግንባሩ ላይ ስሙን ያሰጠው ነጩ ቦራ አለ። ግራ ጆሮው፣ ውርንጭላ ሳለ ጅብ የቀደደው፣ እንደተቀደደ ነው። ያን ጊዜ ምን እንዳደረግሁ ብነግርዎ አያምኑኝም። ዓይኔን ጠረጠርሁ እንጂ እርስዎን አልጠረጠርሁም። ቦራ ፈረስ በአገሩ ሞልቷል፣ ጅብም የሚቀደው ጆሮ አያጣም ብዬ ዘርፉን መልሼ ሸፈንሁት።

3ኛ. ስለ ታሪክ ገለጻ። ብሩክ ትጉህ ልጅ ነው። ስለ ድሮው የድንጋይ ድልድይ፣ ነገሥታት ድንኳን ተክለውበታል ስለሚባለው አምባ የነገረን ሁሉ መልካም ነበር። ከዚያም ዘንድሮ ወደ ተጨመረው አዲስ የጉብኝት ስፍራ አወጣን፤ ቆቅ ውኃ ገብርኤል፣ የተወለድሁበት ደብር። የእኛ ቡድን የመጀመሪያው ጎብኚ እንደሆነ በኩራት ነገረን። ከአጥሩ ውጭ የድንጋይ ቁልል አለ፤ በላዩም «የታማኙ ፈረስ መቃብር» የሚል ሰሌዳ ተተክሏል።

በጥንት ዘመን አለበል የሚባል ጀግና እንደነበረ፣ እሱ ሲሞት ፈረሱ እህል ውኃ እምቢ ብሎ ከመቃብሩ አጠገብ እንደሞተ ብሩክ በሚያሳዝን ድምፅ ተረከልን። አባቴ የሞተው አምና ነው። ከጥንት ዘመን ጋር የሚያገናኘው ነገር ቢኖር የቀበሌ ስብሰባ ላይ ሲጠብቅ ያጠፋው ዕድሜ ነው። ለሟቹ ፈረስ የኅሊና ጸሎት እንድናደርግ ተጠየቅን፤ አደረግንም። ፈረሱም አብሮን ዝም ብሎ ቆመ፤ እንዲያውም ከሁላችን ይልቅ ጸጥ ያለው እሱ ነበር። ከዚያ እያንዳንዱ ጎብኚ ለመታሰቢያ አንድ ድንጋይ እንዲጨምር ሥርዓት መሠራቱን ሰማን። እኔም የቦራውን ልጓም በግራ እጄ ይዤ፣ በቀኜ ለቦራው መቃብር ድንጋይ አኖርሁ። ያን ጊዜ ዓይኔን መጠርጠሬን ተውሁ።

ፈረስ ቀበርሁ ሲሉን አምና ያልጠረጠርነው ልባችን ለቅሶ ላይ ስለነበረ ነው። በአገራችን የሞተ ፈረስ የጅብ ነው፤ ቆፍሮ የቀበረ ሰው በእርስዎ ነው የሰማነው። ለእኛ የነገሩንን ውሸት ጥለውት ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። እርስዎ ግን ሰሌዳ አቁመውለት፣ ከአባቴ መቃብር ራስጌ ለጎብኚ ያሳዩታል። አባቴ የእንጨት መስቀል እንጂ ሰሌዳ የለውም።

4ኛ. ከተያዘው መንገድ ስለመውጣት። ብሩክ ሪፖርት አድርጎ ከሆነ ጥፋቱ የእኔ ነው። ቤተ ክርስቲያኑን እንደተሳለምን ቦራው ወደ ቤታችን ወደሚወስደው ቁልቁለት ዞረ፤ እኔም ልጓሙን ለቀቅሁለት። ብሩክ ከኋላ እየተጣራ ተከተለን። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል፤ አደረሰኝ።

እናቴ ግቢው ውስጥ ገብስ አስጥታ ትጠብቅ ነበር። ቀና ብላ አየችው። እልልም አላለች፣ አልጮኸችም። ተነሥታ መጣችና የግንባሩን ዘርፍ ፈትታ ጣለችው፤ ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ገብስ አፍሳ አቀረበችለት። ገብስ አልቀምስ ብሎ የሞተው ፈረስ አንድ ፍሬ ሳያስቀር በላ። እናቴ አንገቱን እያሻሸች ብዙ ቆየች።

አሁን ያዘዘችኝን ላድርስ። ዞር ብላ የጠየቀችኝ፣ «አያ ፍሬ ይህን ሰምቷል?» ብላ ነው። መልሴን ሳትጠብቅም ቀጠለች። «ሌባ ሰርቆ የሌላ ፈረስ በድን አሳይቶት ነው እንጂ፣ እሱማ አንጀቱ አርሮ ነበር እኮ። እንደሱ ያለቀሰ ማን ነበር? ቶሎ ንገሪው ልጄ፣ ደስ ይበለው።» አለችኝ። የተከበሩ ሊቀመንበር፣ ከዚህ ሁሉ ጉዞ አንጀቴን የቆረጠው ይህ ነው። ብሩክ አንገቱን ደፍቶ ፈረሱ የማኅበሩ ንብረት መሆኑን፣ ጉዞውም ገና አለማለቁን ሲነግራት አልተቆጣችም። የአያ ፍሬ ማኅበር ከሆነማ ከእጃችን አልወጣም ብላ ራሷ ልጓሙን አቀበለችው። እኔ ከእሷ ጋር ቀረሁ፤ ቦራው በባዶ ኮርቻ ሄደ።

5ኛ. ይህ ቅሬታ ሳይሆን ያልገባኝ ነገር ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እርስዎ ግን ባለቤቱን ይወዱት እንደነበር እኔው ምስክር ነኝ። ማኅበርዎ ረጋ ያለ ፈረስ ቸግሮት ከነበረ አባቴን ቢለምኑት ይሰጥዎት ነበር። ውሰደው፣ ለለቅሶዬ ብቻ አምጣው ይልዎት ነበር። ለምነው ሊያገኙት የሚችሉትን ነገር፣ ሰውየውን አልጋው ላይ በሐዘን ወግተው ወሰዱት። ለምን? ይህን ስጠይቅ ቀልዴ ሁሉ ይጠፋብኛል፤ ለዚህ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ልመናዬ አጭር ነው። የአባቴ ሙት ዓመት በታኅሣሥ ገብርኤል ማግስት ነው። ኮርቻው በእናቴ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ቦራውን ራስዎ እየሳቡ መጥተው፣ ኮርቻውን ራስዎ ጭነው፣ አምና ያልዞረውን ዙር በሰው ፊት ያዙሩልን። ለሚዜ የሚገባው ወንበር ተይዞልዎታል፤ እናቴ ከአሁኑ ለጠላው ጌሾ አስወቅጣለች። ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው።

ዘመናችንን ሁሉ በደስታችንም በሐዘናችንም ከፊት ወንበር ላልጠፉት፣ የአባቴን ስም ሙት ዓመቱ ሳይደርስ ወደ ጥንት ጀግኖች መዝገብ ለማሻገር ለተጣደፉት፣ ለሚዜነትዎና ለወንድምነትዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ አክብሮቴን እያቀረብሁ፣ ለእርስዎም ለማኅበርዎም ረጅም ዕድሜ ከመልካም የጉብኝት ወቅት ጋር እመኛለሁ።

ልጅዎ
ፀሐይወርቅ አለበል
ባሕር ዳር

ማስታወሻ፦ የምሥራቹን በትክክል ማድረሴን እንድታውቅ የዚህን ደብዳቤ አንድ ቅጂ ወደ ቆቅ ውኃ በሚሄድ ሰው ለእናቴ ልኬላታለሁ። እንደሚያውቁት ማንበብ አትችልም፤ እርስዎ ካልሆኑ በቀር የሌላ ሰው ንባብም አይጥማትም። ስለዚህ ሰሞኑን ታስጠራዎታለች። እባክዎ እንደ ተጻፈው ያንብቡላት።