የአባቴ ዜማ በጊታር

ማክሰኞ

ዘይነብ ዛሬ ጉድ አደረገችኝ። ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ለቅዳሜ ያዘጋጀሁትን ሰባተኛውን ዘፈን እጫወታለሁ። ቢላዋውን አስቀመጠችና «ይሄ እኮ የአባትህ መንዙማ ነው» አለችኝ። ሳቅሁባት። ዝግ አድርጌ ስደግመው ሳቄ ጠፋ። እሱው ነው፤ አባቴ ኩታበር ውስጥ ድቤ ይዘው የሚመሩት መንዙማ። ዘፈኑ ደግሞ ስለ ዘይነብ ነው። ለነቢዩ ውዳሴ በሆነ ዜማ የሚስቴን ዓይን ሳወድስ ከርሜአለሁ ማለት ነው።

ከሰባቱ የምወደውም እሱን ነው።

አሥራ አምስት ዓመት በደሴና በኮምቦልቻ ሰርጎች የሰው ዘፈን አጅቤአለሁ። ክረምት ላይ ስለ አንድ አሜሪካዊ ዘፋኝ ስልኬ ላይ አነበብኩ። ራሱ እየገጠመ፣ ባንድ ሳይኖረው፣ አንድ ጊታር ይዞ ከከተማ ከተማ ሲዞር ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነው። እኔስ ምን ይጎድለኛል አልኩ። ድፍረት ነበር የጎደለኝ። ቅዳሜ ኮምቦልቻ አንድ ሆቴል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን እጫወታለሁ።

ረቡዕ

ዜማውን ለመቀየር ቀኑን ሙሉ ታገልኩ።
ወደ አምባሰል ቅኝት አዞርኩት፤ ሞተ።
አፈጠንኩት፤ የሰርግ ሆነ።
ግጥሙን በሌላ ዜማ አልኩት፤ ዘይነብ «ይሄን ሌላ ሰው ነው የጻፈልኝ» አለች።

የቀረኝ ወይ መተው ነው፣ ወይ ደብቆ መዝፈን፣ ወይ ሄዶ መጠየቅ። መተው አንጀቴ እምቢ አለ። መደበቅም አይሆንም፤ አባቴን የማያውቅ የለም። መጠየቁን ፈራሁ። በሙያዬ ተቆጥተውኝ አያውቁም። ጊታሩን ሲያዩ ብቻ ለሶላት ሊታጠቡ፣ ውዱእ ሊያደርጉ ይነሳሉ፤ ሰዓቱ ቢደርስም ባይደርስም።

ሐሙስ

ኩታበር ደርሼ ተመለስኩ። አባቴን ባቄላ ማሳቸው ዳር አገኘኋቸው። ሰላምታው እንዳለቀ «አባ፣ ሳላውቅ ዜማዎን ወስጃለሁ፤ አፉ ይበሉኝ» አልኩ። ለዘይነብ ዘፈን እንደዋለም አልደበቅኩም። ከማሳው አንድ እሸት ቀጥፈው ፈለፈሉ። ከዚያ «በል አሰማኝ» አሉ።

ያለ ግጥም ተጫወትኩት። ጣቴ ሁለት ጊዜ ሳተ። አልተነሱም።

ስጨርስ መሬት መሬት እያዩ «ዜማው የኔም አይደለ» አሉ። «እናቴና ጓደኞቿ ጤፍ ሲያርሙ ይሉት ነበር። እኔ ነኝ ለነቢዩ ያደረግሁት። ወላሂ፣ ለሰው ነግሬ አላውቅም።» ልሄድ ስነሳ ግን «መጠጥ ባለበት እንዳትለው» አሉኝ። እሺ አልኩ።

የቅዳሜው ቦታ ቢራ የሚሸጥበት መሆኑን አልነገርኳቸውም። ሚኒባሱ ውስጥ ልደውልላቸው ስልኬን ሦስት ጊዜ አውጥቼ መልሼ ከተትኩት።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ለሆቴሉ ባለቤት ለወይዘሮ ብርቱካን ደወልኩ። ያን ዘፈን ስዘፍን ለአምስት ደቂቃ መጠጥ ባይቀዳስ አልኳት። ሳቀችብኝ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ቅዳሜ ማታ ቢራ ካልሸጠች ምን ትሸጣለች። «ስድስቱን ዝፈንና ውረድ» አለች። ስድስት እንግዲህ። ተናድጃለሁ፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ዘይነብ አብሽር፣ አይዞህ አለችኝ። እህቷ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ሻይ ቤት አላት፤ እሁድ ከዓስር ሶላት በኋላ እዚያ እንድዘፍነው ጠይቃልኛለች። ሻይ ቤት። አሜሪካዊውም ከዚህ የባሰ ቦታ ሳይዘፍን አልቀረም ብዬ ተጽናናሁ።

ቅዳሜ

ስድስቱን ዘፈንኩ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። በሦስተኛው ጥግ ላይ ያሉት ወሬ አቆሙ። አንዱ የሰርግ ዘፈን ጠየቀኝ፤ ዛሬ የራሴን ብቻ ነው አልኩት። ከአፌ ሲወጣ ራሴም ደነገጥኩ።

ሲያልቅ አጨበጨቡና አንድ ጨምር አሉ። ሌላ የራሴ የለኝም፤ ያ ሰባተኛው ብቻ ነው። ጣቶቼ ራሳቸው ቦታቸውን ያዙ። አባቴ አይሰሙ፣ ማን ይነግራቸዋል። እጄን ከክሩ ላይ ማንሳት ጊታር ከመማር ከበደኝ። ሦስተኛውን ደግሜ ወረድኩ።

እሁድ

ሻይ ቤቱ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ሰው ነበር። መንገድ ላይ የሚያዞሩ ጀብሎ ነጋዴዎች፣ ሁለት መምህራን፣ ጎረቤቶች። ዘፈንኩት። ዘይነብ ስልኳን ጠረጴዛዬ ላይ ደፍታ፣ አፍራ ጓዳ ገባች። አንድ ሽማግሌ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲወዛወዙ አየሁ። ደስ አለኝ፤ በጣም ደስ አለኝ።

ስጨርስ ዘይነብ መጥታ ስልኩን አነሳችና ሰጠችኝ። መስመሩ ከመጀመሪያው ጀምሮ ክፍት ነበር። አባቴ ናቸው።

«ሁለተኛው ስንኝ ላይ ቸኩለሃል» አሉ። «እናቴ እዚያ ላይ ትንፋሽ ትወስድ ነበር። ሐሙስ ናና ላሳይህ።»

እሺ አባ አልኩ። ሊዘጉት ነው ስል «ጊታሩንም ይዘህ ና» አሉኝ። «ጊታር» የሚለውን ቃል ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።