ደምሴ ያረመው ጎጆ

ሰኞ

ደምሴ አርሞታል! ሣሩን፣ ቄጠማውን፣ ሁሉን። በምንጠብቃት ወፍ ጎጆ ዙሪያ የአንድ ቤት ግቢ የሚያህል መሬት እንደ ጤፍ ማሳ ጸድቷል። መሃሉ ላይ ሦስት እንቁላል እንደ ስጥ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። ወፏ የለችም።

ኩይሳው ላይ ወጥቼ በሩቅ ማሳያ መነጽሩ ሳይ ቦታ የተሳሳትኩ መስሎኝ ነበር። ደምሴ ከኋላዬ መጥቶ፣ "እንዴት ነው ኑሩ? አሁን እባብ ቢመጣ እንኳ ከሩቅ ታየዋለች" አለኝ፤ ደስ ብሎታል። መነጽሩን አውርጄ "እሺ" ብቻ አልኩ። እኔ፣ ደንበኛ "ዕቃውን ስጠኝና ወሬውን ተወው" የሚለኝ ባለሱቅ!

ቅዳሜ ሱቄ ደጃፍ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ "ደምሴ፣ አንተ የምትጠብቀውን የወፍ ጎጆ አረም በልቶታል፤ የሰነፍ ማሳ መስሏል" ብዬበት ነበር። ሰው ሳቀ፣ እሱ አልሳቀም። ከወሎ በሰፈራ ከመጣ ጀምሮ ማንም በአረም ሰድቦት አያውቅም። የወፍ ጥበቃ ስልጠናው ቀን በቆሎ ሲኮተኩት ስለዋለ የተባለውን እንድነግረው አደራ የተሰጠኝ እኔ ነኝ፤ ፊደልን ከሳሙና ካርቶን ላይ የለቀምኩት አስተማሪ። ቀልዱን ነገርኩት፣ ትምህርቱን፣ 'ሣሩ መደበቂያዋ ነውና አይነካም' የሚለውን፣ ረሳሁት።

ማክሰኞ

ማለዳ ወፏ ጎጆው ላይ ነበረች።  ግን ገላጣ ሆነባት፤ በመንገዱ ሰው ባለፈ ቁጥር ትበራለች።

ሙሽሪት ነው የምላት። ያን ወርቃማ አክሊል ደፍታ ረጅም እግሯን እያነሳች ስትሄድ ሌላ ስም አይመጣም። በዚህ ክረምት በአልዌሮ ግድብ ዳር በፈቃዳችን የምንጠብቀው ሦስት ጎጆ ነበር። አንዱን ውሃው ወሰደው። የአንዱን እንቁላል አርጃኖ በላው። ለዚህኛው እኛው በቃነው።

ጋምቤላ ከተማ ላለችው የእህቴ ልጅ ዘሃራ ደወልኩ። ለወፎቹ ጥበቃ ያደራጀችን እሷ ናት። ሌላ ጊዜ "የወፍ ሚኒስትር" ነው የምላት። ዛሬ "ዘሃራዬ" ስላት፣

"አጎቴ፣ ማን ሞተ?" አለች።

ነገርኳት። እንቁላሉ ስንት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከዚያ፣ "ማንም አይጠጋ። ሣር መልሰን እንትከል እንዳትሉ፤ ጭራሽ ትሸሻለች።"

"ትቀመጣለች?"

"እኔ እንጃ አጎቴ። እንቁላሉ በዚህ ፀሐይ..." አልጨረሰችውም።

ከሰዓት በኋላ ትንሽ ዳመነ። ሰው ለዝናብ ዱዓ ያደርጋል፤ እኔ ለጥላ አደረግኩ።

ረቡዕ

ቁራ መጣ። ብንጮህ ሙሽሪት አትመለስም፣ ዝም ብንል እንቁላሉን ይበላል። ተራውን አብሮኝ የሚጠብቀው ኦሞድ፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ጠዋት የያዘውን ዓሣ ቆራርጦ ማዶ በተነው። ቁራው ወደዚያ ዞረ።

"ነገስ?" አልኩት።

"ነገ ሌላ ዓሣ አለ። አንተ ግን አፍህን ዝጋ፣ ኑሩ።"

ደምሴ አልመጣም። ቤቱ ሄድኩ። ዘሃራ ያለችውን ሰምቶ ደጁ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። "እኔ እኮ ለእሷ ብዬ ነው" አለ። ላስቀው ሞከርኩ፤ እኔንም አላሳቀኝ።

"አፉ በለኝ፣ ደምሴ።"

"እኔን ተወኝ። እሷን መልሳት።"

ሐሙስ

ሁለቱም መጡ፤ ሙሽሪትና ባሏ። የጸዳው መሬት ጠርዝ ላይ ቆመው አንገታቸውን አሰገጉ። እሷ ወደ ጎጆው መራመድ ጀመረች።  ልትደርስ ስትል አንድ ሞተር በመንገዱ እየጮኸ አለፈ። በረሩ። መነጽሩ የዘሃራ ባይሆን መሬት ላይ እፈጠፍጠው ነበር።

ሲመሽ ዝናብ ጀመረ። ፀሐይ ያልጨረሰውን ብርድ ሊጨርሰው ነው። ራት አልበላ አለኝ።

ጁምዓ

ኩይሳው ላይ ደምሴ ቀድሞኛል፤ ነጠላውን ለዝናቡ ተከናንቧል።  በአገጩ ብቻ አሳየኝ።

ተቀምጣለች። አክሊሏ ከዝናቡ ረጥቦ ተጣብቋል። መኪና አለፈ፣ አንገቷን ቀና አደረገች፣ አልተነሳችም። ሁለተኛ አለፈ። አልተነሳችም።

ለዘሃራ ደወልኩ። "አሁን እንቁላሉ ደህና ነው ማለት ነው?"

"ካልተፈለፈለ ማወቅ አይቻልም አጎቴ። ዝም ብላችሁ ጠብቁ።"

ለደምሴ ነገርኩት። "ዝም ብላችሁ?" አለ በሹክሹክታ። "እኛስ እንችላለን። አንተ ግን ትፈነዳለህ።"

አፌ ላይ የመጣውን ዋጥኩት። ከሰኞ ወዲህ ሲቀልድ መስማቴ ነው።

የታቀፈችው የሞተ እንቁላል ሊሆን ይችላል። እሷ አታውቅም፣ እኛም አናውቅም። ደምሴ ከያዘው ቂጣ ቆርሶ ሰጠኝና ጎኑ ተቀመጥኩ።