ጣት ማቆሚያ የሌለው ቢላ

ለታላቅ ወንድሜ፣ ለቤታችን ምሰሶ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ያ ጉልበትህን የሚቆረጥምህ ነገር ተሻለህ? ወይስ ዛሬም ሥጋ ቤቱ ውስጥ እንደ ሽመላ በአንድ እግርህ ቆመህ ነው የምትውለው? ባለቤትህና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እማዬስ? ዓይኗ ይህን ደብዳቤ ለማንበብ አይደርስም፤ ባይደርስም ይሻላል። ብቻህን ሆነህ አንብበው። እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። ከዚያ አልፌ ደህና ነኝ ለማለት ግን አፌን ይዞኛል፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ከርሜ ሆዴም እምቢ አለኝ።

ለጎረቤቱ ሁሉ «እህቴ ጫካ የጠፋ ሰው የሚያተርፍ ቢላ ትነድፋለች» እያልክ እንደምታወራ ሰምቻለሁ። እውነት ነው። ተራራ የሚወጡ፣ አደን የሚሄዱ፣ ሜዳ የሚያድሩ ሰዎች ወገባቸው ላይ የሚያስሩትን ወፍራም ቢላ በወረቀት ላይ የማወጣው እኔ ነኝ። እንጨት ይፈልጡበታል፣ ገመድ ይቆርጡበታል፤ የሚይዙት ደግሞ ዝናብ ደብድቧቸው እጃቸው ሲደነዝዝ ነው። ስለዚህ ከስለቱ ይልቅ የሚያስጨንቀው እጀታው ነው። ስብ በነካው እጅህ ቢላ ይዘህ ሃያ ዓመት ለኖርከው ለአንተ ይህን አልነግርህም።

የአዲሱ ቢላ ንድፌ እጀታውና ስለቱ የሚገናኙበት ላይ ጣት ወደፊት እንዳያልፍ የሚያቆም ጉብታ ነበረው። የክፍላችን አለቃ፣ ኢንጂነሩ፣ ወረቀቱን አየና «ይህን ቡግንጅ አጥፊው» አለኝ። መጋዘን ውስጥ የአሮጌው ቢላ አፎት ተከምሮ ተርፏል፤ ጉብታው ካለ አዲሱ ቢላ እዚያ አፎት ውስጥ አይገባም። እጅ ይንሸራተታል አልኩት። «እጁ የሚንሸራተት ሰው ቤቱ ይቀመጥ» ብሎ ሳቀ፤ ቀጥሎም የንድፍ ክፍሉ ኃላፊነት ቦታ ክፍት መሆኑን እንደ ዋዛ ጣል አደረገልኝ። ከምሳ በኋላ ጉብታውን አጠፋሁት። አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም።

እዚህ ፋብሪካችን ውስጥ፣ ቢላ ገበያ ከመውጣቱ በፊት የሚፈትኑ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሠራተኛው አባ ሙከራ ነው የሚላቸው። አዲስ በነበርኩ ጊዜ «ቢላ የሚያምረው በወረቀት አይደለም፣ በመዳፍ ነው» እያሉ ሥራውን ያስጨበጡኝ እሳቸው ናቸው። ናሙናውን ገና ሲጨብጡት ፊታቸው ጠቆረ። «ልጄ፣ ይሄ ማቆሚያ የለውም፤ ሰው ይበላል» አሉኝ። ኢንጂነሩ አጠገቤ ቆሟል። «አባባ፣ እርስዎ ይፈትኑ እንጂ አይንደፉ» አልኳቸው። የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም ሳይወዱ ሳቁ።

ሙከራው እጅን በሳሙናና በዘይት አርጥቦ ቢላውን መቶ ጊዜ ግንድ ላይ መሰካት ነው። በባዶ እጅ ይሁን ይላል ደንቡ፤ ዝናብ የመታው መንገደኛ ጓንት ከየት ያመጣል? እኔ እየቆጠርኩ እመዘግባለሁ። ስልሳ ሦስተኛው ላይ ቢላው ግንዱ ውስጥ ቆመ፤ እጃቸው ግን አልቆመም፣ በስለቱ ላይ አለፈ። አልጮሁም። አራት ጣቶቻቸውን የሌላ ሰው ይመስል እያዩ «ስንተኛው ነበር? ጻፊው እንጂ» አሉኝ። ጻፍኩት።

ሐኪሙ ጅማታቸውን ሰፋላቸው፤ ጣቶቹ ግን ዳግመኛ አልታጠፉም። በማግሥቱ ኢንጂነሩ የአደጋ መግለጫ ቅጽ አምጥቶ «ምክንያት በሚለው ላይ ጓንት ባለማድረጋቸው ብለሽ ሙዪ» አለኝ። ወንድሜ፣ በእርግጥ ጓንት አላደረጉም። ቃሉ አልዋሸም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ሞልቼ ፈረምኩ። በሳምንቱ አባ ሙከራ «በራሳቸው ጥፋት» ተብለው ባዶ እጃቸውን ተሰናበቱ። እኔም በዚያው ሳምንት የንድፍ ክፍል ኃላፊ ሆንኩ።

በደሌ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት! ከወር በኋላ እጃቸውን በሻሽ ጠቅልለው የምኖርበት ክፍል ድረስ መጡ። አቤቱታ እንድጽፍላቸው ነው። «ቀኙ ብዕር አልይዝም አለኝ፤ አንቺ ደግሞ በዓይንሽ አይተሻል፤ ካንቺ በላይ ማን አለኝ?» አሉ። መፈረሜን አላወቁም። ተቀምጬ ጻፍኩላቸው። ጉብታው መጥፋቱን፣ ደንቡ በባዶ እጅ ማለቱን፣ ምንም ሳላስቀር። በግራ አውራ ጣታቸው አተሙበትና ምርቃቱን አወረዱብኝ።

አቤቱታው ኢንጂነሩ ዘንድ ሲደርስ የእጅ ጽሕፈቴን ለይቶታል። አልተቆጣም። ፈገግ ብሎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠውና «ጉዳዩን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም፤ መልሱንም አንቺው አርቅቂልኝ» አለኝ። አረቀቅሁለት። የራሴን ነገር አንድ በአንድ አፈረስኩት። የቱ ጋ እንደሚሳሳ አውቀው የለ!

አባ ሙከራ መልሱን ይዘው ተመልሰው መጡ። ዓይናቸው ቅርብ አያይምና አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው አዳምጠው ወንበሩን ሳብ አደረጉና «በይ እንግዲህ፣ ለዚህም መልስ እንስጠው» አሉኝ። ያኔ ተሸነፍኩ። «አባባ፣ ይህንንም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቅጹንም የፈረምኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ይረግሙኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን «እንግዲያው እውነቱ የቱ እንደሆነ ታውቂያለሽ። በፊተኛው ላይ ምስክር ነኝ ብለሽ ስምሽን አስፍሪበት፤ ሌላ አልፈልግም» አሉ። የአቤቱታውን ግልባጭ ፊቴ ዘረጉት። ብዕሩ እጄ ላይ ነበር። «ነገ» አልኳቸው። ነገ ብዬ ከሸኘኋቸው ይኸው አርባ ቀን ሆነ። ደግመው አልመጡም፤ እኔም አልሄድኩም። ቢላው ገበያ ወጥቷል፤ ሸማቹ ወዶታል አሉ።

ባለፈው ደብዳቤህ ለታናሻችን ሥራ ፈልጊለት ብለኸኛል። ሥራስ አለ። ክፍት የሆነው የአባ ሙከራ ቦታ ነው። ኢንጂነሩ ራሱ «ጠንካራ ወንድም የለሽም?» ብሎ ጠየቀኝ። አለኝ፣ ግን ጠጪ ነው፣ እጁ ይንቀጠቀጣል አልኩት። ሠላሳ ዓመቱን ሙሉ መጠጥ በአፉ ያልዞረውን ሰው! ለባዕድ እውነት መመስከር ያቃተው አንደበቴ ለወንድሜ ለመዋሸት ምንም አልከበደው። እንግዲህ እህትህ ሥራ የለም አለች በለው። ይቀየመኝ። እንዳትልከው ብቻ።

ባለቤትህን እጅግ አድርገህ ሰላም በልልኝ። ልጆቹን በየተራ ጉንጫቸውን ሳምልኝ፤ ትንሿን ሁለት ጊዜ። ታናሻችንን አቅፈህ ሳምልኝ፤ ለምን እንደሆነ አትንገረው። የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ። ሹመቴን ብቻ ንገራት፤ ደስ ይበላት።

እህትህ

ከፋብሪካው ጀርባ፣ ከምኖርበት ክፍል
ኅዳር 19 ቀን