ለነጂማ ሠርግ የተነሣች መኪና

ቅዳሜ

ተነሣች። መጀመሪያ ሳለች፣ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ከዚያ ማጉረምረም ጀመረች። አባባ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠና አንዷ ካንዴላ ደከም ብላለች አለ። አውጥቼ ጠረግኋት፤ ድምፁ ተስተካከለ።

ላንድሮቨሯን አባባ የገዛት ከአብዮቱ በፊት፣ አገሩን ለቆ ከሚሄድ ግሪክ ነው። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ግቢያችን ውስጥ ያለችው የኒም ዛፍ ሥር ቆማ የዶሮ ማደሪያ ሆና ከረመች። ዕድሜውን ሙሉ በባቡር ወርክሾፕ ብረት ሲቀርጽ የኖረ ሰው ዛሬ አንድ ቡሎን ይዞ ማጥበቅ አይችልም። ስለዚህ እሱ ይናገራል፣ እኔ እሠራለሁ። ከስልክ ቤት ሥራዬ ስመለስ ቀሚሴን አውልቄ ቱታ እለብሳለሁ። ጎረቤቱ መጀመሪያ ስቆብኝ ነበር። አሁን ለምዶኛል።

እስካሁን የሠራሁት፦
የኋላው ባሌስትራ ላይ ከአሮጌ የጭነት መኪና የተረፈ ብረት ደርቤ ከፍ አድርጌአታለሁ።
ከማሸጊያ ጣውላ ሁለት አግዳሚ ወንበር። ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ ይቀመጣል።
የሸራ ጣሪያ። የሰፋሁት ራሴ ነኝ፣ ጣቶቼ ይመስክሩ።
ሞተሩ አየር የሚስብበት ቱቦ፤ ውሃ እንዳይገባበት እስከ ጣሪያው አስረዝሜዋለሁ።

ከሰዓት ሐሊማ መጣች። ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት፤ ቀፊራ ገበያ ጨርቅ ትነግዳለች። የሞተሩን ድምፅ ቤቷ ሆና ሰምታዋለች። ልጇ ነጂማ የፊታችን ሐሙስ ጀልዴሳ ትዳራለች። ሙሽራዋን ሊወስድ የነበረው የሐሊማ ወንድም የዩሱፍ የጭነት መኪና ግን ትናንት ለመንግሥት እህል ማጓጓዣ ተብሎ ተወስዷል፤ መቼ እንደሚመለስ የሚነግራቸው የለም። እዚያ ከብቱ ተገዝቷል፣ ሽማግሌው ተጠርቷል።

«ሙሉዬ አቦ፣ ይቺ መኪናሽ ጀልዴሳ ትደርሳለች?» አለችኝ።

ትደርሳለች አልኳት። ከግቢ ወጥታ እንኳ አታውቅም እኮ። አፌ ነው የቀደመኝ።

እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ዩሱፍ መጣ። ኻት የሚያኝክበትን ሰዓት ትቶ መምጣቱ ነገሩ እንዳስጨነቀው ያሳያል። ሃያ ዓመት የጭነት መኪና የነዳ ሰው ነው። እህቱ ልጇን ለእኔ መሪ አምና መስጠቷ አልተዋጠለትም፤ በአክብሮት ነው የነገረኝ፣ ግን ነገረኝ። የጀልዴሳ መንገድ አሸዋ ነው አለ፤ መጀመሪያ ውሃ በሌለው ደቻቱ ወንዝ ውስጥ እንያት።

አየናት። ደረቁ አሸዋ ላይ ትንሽ እንደሄደች የኋላ ጎማዎቿ መቆፈር ጀመሩ። አራቱንም ጎማ የሚያሠራውን ማርሽ አስገባሁ፤ የፊቶቹ ግን ዝም። እስከ ሆዷ ተቀበረች። በወንዙ የሚያልፍ ሰው ሁሉ እየገፋ አወጣን። ዩሱፍ አልሳቀም። ሌላ መኪና ልፈልግ ብቻ አለ። ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሊማ በሩ ላይ ትጠብቀን ነበር። ከፊታችን አንብባ ወደ ቤቷ ገባች።

ሰኞ

የዓመት ፈቃዴን ጀመርኩ። ለእረፍት ነበር ያቆየሁት!

አባባ ነገሩን ሰምቶ ካምቢዮው ውስጥ ጥርሱ ተበልቷል አለ። መለዋወጫ በአገሩ የለም፤ ተይው አለኝ። እኔ ግን ትናንት ማርሹን ሳስገባ እጄ ላይ የተሰማኝ ሌላ ነገር ነው። ጥርስ የተበላ ማርሽ ይንኮሻኮሻል። በዚህኛው ግን የማርሹ ዱላ ብቻ ይሄዳል፣ ከሥሩ የሚከተለው የለም። ይህን ነገርኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ ያለውን አይደለም ብዬ መለስኩለት። ከዘራውን ይዞ ወደ ቤት ገባ። ምሳም አብረን አልበላንም፤ እሱ ቀደም ብሎ በላ።

የመኪናዋን ወለል ቆርቆሮ ፈታሁ። ዝገት፣ አሸዋ፣ የዶሮ ላባ። ካምቢዮው ጎን ላይ ዱላውን ከማርሹ የሚያገናኘው ዘንግ ተጣሞ፣ ዝጎ፣ ከቀዳዳው ተጣብቋል። ጥርሱ አይደለም! ላምባ አጠጥቼው ተውኩት። ለአባባ ገና አልነገርኩትም። መጀመሪያ ይላቀቅ።

ማክሰኞ

ተላቀቀ። በመዶሻ ሳይሆን በትዕግሥት፤ ትንሽ ወዲህ፣ ትንሽ ወዲያ፣ እንደገና ላምባ። ጉልበቴ ቆስሏል፣ ፀጉሬ ላምባ ላምባ ይሸታል። ጾም ደግሞ ጉልበት አይሰጥም።

ዘንጉን በቁራጭ ሐዲድ ላይ አስቀምጬ ማቃናት ስጀምር አባባ ወጣ። የመዶሻዬን ድምፅ መቋቋም አልቻለም መሰለኝ። አጠገቤ ቆሞ አየ። ቀዝቃዛውን አትምቺው፣ ይሰበርብሻል፣ ከሰል አቀጣጥይ አለኝ። አቀጣጠልኩ። ሲቀላ አቃናሁት፣ አሸሁት፣ ቅባት ቀብቼ መለስኩት። ክሪክ እያገባሁ፣ ድንጋይ እየደገፍኩ አራቱንም ጎማ ከመሬት አነሣሁና ሞተሩን አስነሥቼ ማርሹን አስገባሁ።

የፊቶቹም ዞሩ።

አባባ የሚዞረውን ጎማ ተመለከተ። «ጥርሱ አልነበረም» አለ። «አንቺ ነሽ ያወቅሽው።»

ከዚህ ሌላ አልፈለግሁም።

ረቡዕ

ቀኑ በሩጫ አለቀ። ቀበሌ ሄጄ የይለፍ ወረቀት አወጣሁ፤ ሊቀመንበሩ ሹፌሩ ማነው ብሎ ሁለቴ ጠየቀኝ። ቤንዚን ዩሱፍ ከራሱ ኩፖን አመጣ። ሌላ መኪና አላገኘም። ደቻቱ ድጋሚ ወረድን። እሑድ ሲገፉን ከነበሩት አንዳንዶቹ እንደገና ሊያዩን ቆሙ። አሸዋውን ተሻገረች፣ ዞራ ተመለሰች። ዩሱፍ ወርዶ ከሥሯ አጎንብሶ አየ፣ የረዘመውን ቱቦ ዳበሰ፣ ማን ሠራው አለ። እኔ አልኩት። ነገ ጠዋት እንነሣ አለ።

አሁን ግን በሐረር ተራራ በኩል ደመና አጥቁሯል። እዚያ ከዘነበ እኛ ጋ ጎርፍ ይመጣል።

ሐሙስ

ደክሞኛል፤ ግን ሳልጽፈው አልተኛም።

አባባ አልመጣም፤ ቦታውን ለነጂማ አክስቶች ተወላቸው። ከመነሣቴ በፊት መስኮቱን ይዞ ውሃ ካገኘሽ ሞተሩ ላይ እንዳይረጭ የማራገቢያውን ቺንጋ አውልቂ፣ ነዳጅ አታብዢባት፣ ጨርሰሽም አትንሻት አለኝ። ነጂማ ከጎኔ ተቀመጠች፣ እጇ በሂና ተውቦ። ከኋላ ሐሊማና አክስቶቹ እየዘፈኑ፣ ዩሱፍ ከሁሉ ጫፍ። ኬላው ላይ ዘቡ እኔንም ሙሽራዋንም አየና ወረቀቱን ሳያነብ አሳለፈን።

ጀልዴሳ ሳንደርስ ያለው ወንዝ ሌሊት ሞልቶ አድሮ ነበር። ጎርፉ ቀንሷል፤ ግን ቡናማው ውሃ ገና ይወርዳል፣ አሸዋው ከሥሩ አይታይም። ዘፈኑ ቆመ። ዳር ቆመን ጠበቅን። ውሃው እየቀነሰ ሲሄድ ዩሱፍ ሽርጡን ሰብስቦ በዱላ እየለካ ገባ፤ መሐል ላይ እስከ ጉልበቱ ደረሰ። ተመልሶ መጣና ይታለፋል አለ። ከዚያ መኪናዋን አየ፣ እኔን አየ። መሪውን ስጪኝ ሊል ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«አንቺ ታውቂያታለሽ፤ አንቺው ንጂ» አለኝ።

ቺንጋውን አወለቅሁ፣ የሞተሩን ሽቦዎች በላስቲክ ሸፈንኩ፣ አራቱንም ጎማ የሚያሠራውን ከባዱን ማርሽ አስገባሁ። ዩሱፍ ከፊት ከፊት እየሄደ መንገዱን በእጁ ያሳየኛል። ውሃው ጎማውን ይገፋል፣ መሪው እጄ ውስጥ ይታገለኛል። መሐል ስንደርስ ኋላዋ ዝቅ አለ። ነጂማ ክንዴን ያዘች። እግሬ ነዳጅ ርገጪ ርገጪ አለኝ፤ አልረገጥኩም። ባለችበት እያጉረመረመች ቆየች... ከዚያ የፊቶቹ ጎማዎች ጠንካራ ነገር ነክሰው ጎተቷት። ተሰማኝ፣ በመቀመጫዬ ተሰማኝ። ዳገቱን ውሃ እያንጠባጠበች ወጣች።

አክስቶቹ እልል አሉ። ዩሱፍ እርጥብ ሽርጡን እየጨመቀ መጣና ኮፈኗን በመዳፉ ሁለቴ መታ። ማሻ አላህ አለ፣ ለእሷ ይሁን ለእኔ አልገባኝም።

ጀልዴሳ በሰዓቱ ደረስን። ጾም ላይ መሆኔን ሐሊማ አስቀድማ ነግራ ኖሮ ተምርና ሻይ ለብቻዬ ቀረበልኝ። ነጂማ ከመግባቷ በፊት ዞራ እጇን አውለበለበችልኝ። ሐሊማ አለቀሰች። እኔም ትንሽ።

ዓርብ

ከካምቢዮው ሥር ዘይት ጠብ ጠብ ይላል። ዘይቱን የሚያግደው ጎሚኒ አርጅቷል መሰለኝ፤ ከየት እንደማገኝ እንጃ። የጀልዴሳ ሰዎች መቼ ትመለሻለሽ ብለውኛል፤ ቤንዚኑስ?

አሁን ከሥሯ ገብቼ ስጠርግ አባባ የድሮ የባቡር ጓደኞቹን ኒሟ ሥር ሰብስቦ ሲያወራ ሰማሁት። ጠዋት ዩሱፍ ቁጭ ብሎ ሁሉን ነግሮት ነበር። በአባባ አፍ ወንዙ ሰፍቷል፣ ውሃው ኮፈኗን አልፏል፣ ጎርፉ ዛፍ እየነቀለ ይወርዳል፣ ዩሱፍ በዳር ሆኖ ተመለሺ እያለ ይጮሃል፣ ልጁ ግን ዝም ብላ ትነዳለች። እሱ ራሱ ከጎኔ ተቀምጦ እንደነበር ነው የሚያወራው።

ውሃው ከጎማው በላይ አላለፈም። ከሥር ሆኜ ሳቄን ዋጥኩና አላረምኩትም።